ፊርማው፣ ጉልበቱና ግቡ፦ አጥቂ ሆኜ ያሳለፍኳቸው አሥራ አንድ የውድድር ዘመናት

የመጀመሪያ ውሌን የፈረምኩት በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላኝ ሰሞን፣ በአንድ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ወረቀቱን ያቀረቡልኝ ኃላፊ የምፈርምበትን ቦታ በጣታቸው ስለ ጠቆሙኝ ከጣታቸው በላይ የተጻፈውን አንድም መስመር አላነበብኩም። በቃል የተነገረኝ ደመወዝ በወር 1,500 ብር ነበር። በወሩ መጨረሻ እጄ የገባው ግን ከዚያ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ውሉ ላይ ያለው ነው» ተባልኩ፤ የውሉን ቅጂ ስጠይቅ ደግሞ ፋይል ውስጥ ነው ተባልኩ። ያንን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት ክለቡን ስለቅ፣ መልቀቂያ ልወስድ በሄድኩበት ቀን ነው። የደመወዙ ቁጥር የተሞላበት ቀለም እኔ ከፈረምኩበት ቀለም የተለየ ነበር።

ይህንን የምጽፈው ዛሬ በየፕሮጀክቱና በየሰፈሩ ቡድን እየተጫወተች ነገ ክለብ ለመግባት ለምትዘጋጅ ልጅና ለወላጆቿ ነው። በአሥራ አንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ከእኔ የተሻለ ተሰጥኦ የነበራቸው ልጆች ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሜዳ ሲወጡ አይቻለሁ። ከሜዳ ያስወጣቸው የኳስ ችሎታ ማነስ አልነበረም። አንዷን ያላነበበችው ውል፣ ሌላዋን በወቅቱ ያልታከመ ጉልበት፣ ሌላዋን ደግሞ ለሐሰተኛ ወኪል የከፈለችው ገንዘብ አስወጣት። ስለ ግብ ማግባት የማውቀውን በሙሉ እጽፋለሁ፤ ነገር ግን የአጥቂ ሥራ ከሜዳ ውጪ ባለው ጉዳይ ላይ ምን ያህል እንደሚመሠረት ያየሁትንም አልደብቅም።

ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። እናቴ ሙዝ ትሸጥ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከወንድሞቼ ጋር አሸዋ በበዛበት ሜዳ እጫወት ነበር። በሰፈሩ ሴት ኳስ መጫወቷን የሚቃወም ሰው አልጠፋም፤ እናቴ ግን የቤቱን ሥራ እስከ ጨረስኩ ድረስ አንድም ቀን ከልክላኝ አታውቅም። ውል በፈረምኩበት ጥቅምት የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ አገሩ በሙሉ በደስታ ይጨፍር ነበር። በዚያው ወር ሉሲዎቹም፣ ማለትም የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን፣ በአፍሪካ የሴቶች ዋንጫ ለመሳተፍ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ተጉዘው ነበር፤ ከዚያም በፊት በመስከረም 1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ሆነው አጠናቅቀዋል። ይህንን የማነሣው ሴቶቹ መንገዱን ቀድመው የጠረጉት መሆኑን ብዙ ልጆች ሳያውቁ ስለሚያድጉ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ብዙ ሰው አጥቂ ማለት ኳስ በኃይል የምትመታ ልጅ ትመስለዋለች። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ኳስ እግሬ ሥር የቆየበት ጊዜ ቢደመር ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። የቀረው ጊዜ በሙሉ ቦታ የመያዝ ሥራ ነው። ይህ ሥራ ከቴሌቪዥን አይታይም፤ ተመልካችም አያጨበጭብለትም፤ ነገር ግን በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ግብ በምታገባና አሥራ አምስት በምታገባ አጥቂ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ያለው እዚያ ላይ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ አሰልጣኝ ለሁለት ሳምንት ኳስ ሳላይ የተከላካይዋን ዐይን ብቻ እያየሁ እንድለማመድ አደረጉኝ። ተከላካይ ኳሱንና አጥቂዋን በአንድ ጊዜ ማየት የምትችለው ሁለቱም ከፊቷ ሲሆኑ ነው። አጥቂዋ ከትከሻዋ ጀርባ፣ ራሷን ካላዞረች በማታያት ቦታ ከቆመች ግን ተከላካይዋ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርባታል። ከመስመር ኳስ ሲሻማ፣ ማለትም ከሜዳው ዳር ወደ ግቡ ፊት ሲላክ፣ የማደርገው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ወደ ሩቁ ቋሚ እሄዳለሁ፤ ተከላካይዋ ተከትላኝ ክብደቷን በዚያው አቅጣጫ ስትጥል፣ የመስመር ተጫዋቻችን ለማሻማት ራሷን ዝቅ ባደረገች ቅጽበት በተከላካይዋ ፊት አቋርጬ ወደ ቅርቡ ቋሚ እገባለሁ። ቀድሞ መሄድም ዘግይቶ መሄድም ዋጋ የለውም። ሩጫውን የምጀምረው ኳሱ ሲመታ ሳይሆን የምታሻማዋ ልጅ ራሷን ዝቅ ስታደርግ መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ኳስ ካለፈኝ በኋላ ነው።

ኳስ ሲቀበሉ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ትከሻን አሻግሮ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ጊዜ አይ ነበር፤ አንዴ አማካይዋ ኳሱን ስትቆጣጠር፣ አንዴ ደግሞ ኳሱ ከእግሯ ከወጣ በኋላ። በሁለቱ መካከል ተከላካይዋ ተጠግታኝ ከሆነ ጀርባዬን ሰጥቼ ኳሱን ጠብቄ እመልሳለሁ፤ ርቃ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ንክኪ እዞራለሁ። በእኛ አገር ሜዳዎች ላይ ኳስ ስለሚነጥር ገላን ሙሉ በሙሉ ከኳሱ ኋላ አድርጎ መቀበል እንጂ እግርን ብቻ ዘርግቶ ለማቆም መሞከር ብዙ ጊዜ ያስነጥቃል።

አጨራረስን በተመለከተ ከኃይል ይልቅ አቅጣጫ ይበልጣል። ከበረኛዋ ጋር አንድ ለአንድ ስገናኝ የምመርጠው ኳሱን ዝቅ አድርጌ በተቃራኒው በኩል ወደ ሩቁ ቋሚ መላክ ነበር። ቆማ ለምትጠብቅ በረኛ መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ ወርዶ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ብትመልሰውም እንኳ ወደ ጎን ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከኋላ ወደምትመጣ የቡድን ጓደኛዬ ነበር የሚሄደው። ግራ እግሬ ደካማ ስለ ነበር ለሁለት ዓመት ያህል ከመደበኛው ልምምድ በኋላ በየቀኑ 100 ጊዜ ግድግዳ ላይ በግራ ብቻ እመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ካገባኋቸው ግቦች ውስጥ በግራዬ የገቡት ትንሽ አይደሉም፤ ከሁሉ በላይ ግን ተከላካዮች ወደ ግራ ሊገፉኝ መሞከራቸውን አቆሙ።

ግብ የሚጠፋበት ወቅት ደግሞ ለእያንዳንዷ አጥቂ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ዘጠኝ ጨዋታ ሙሉ አንድም ግብ ሳላገባ ቀርቻለሁ። በዚያን ጊዜ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ ሜዳ ስገባም ኳስ እንዲመጣብኝ የማልፈልግበት ደረጃ ደረስኩ። ያዳነኝ አንድ ደብተር ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ስንት ጊዜ የቅጣት ክልል ውስጥ ትክክለኛ ቦታ እንደ ያዝኩ፣ ስንት ጊዜ እንደ መታሁ፣ ስንቱ ወደ ግብ እንደ ሄደ እጽፍ ጀመር። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ የጻፍኩትን ሳየው ቦታ መያዜ አልቀነሰም፤ የቀነሰው የምመታው ቁጥር ነበር። ለካ ከመምታት ይልቅ ለሌላ ሰው ማቀበል ጀምሬ ነበር፤ ፈርቼ ነበር። ይህንን ለአሰልጣኛችን አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ጨዋታ ቢያንስ አራት ጊዜ እንድመታ፣ ባላገባም እንደማይቀይሩኝ ቃል ገቡልኝ። በዚያ ጨዋታ አላገባሁም፤ በተከታዩ ሁለት አገባሁ።

አሁን ወደ ጉልበቴ እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል ለአንዲት ልጅ ብቻ እንኳ ቢደርስ ብዙ ነገር ሊያድንላት ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ ስንጫወት ወደ ኋላ የተመለሰ ኳስ ለማግኘት በቀኝ እግሬ ቆሜ በፍጥነት ዞርኩ። ማንም አልነካኝም። ያደረግኩት ታኬታ ለተፈጥሮ ሣር የተሠራ፣ ጥርሱ ረጅም ነበር፤ ሌላ ስላልነበረኝ ነው ያደረግኩት። እግሬ መሬቱ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ገላዬ ዞረ። ከጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ተከላካይም ሰምታዋለች።

የቡድኑ ወጌሻ በረዶ አደረገልኝ። ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ እንደ ዳቦ አበጠ። በሁለተኛው ቀን አንድ የሰፈር ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ፤ በቅቤ አሽተው፣ ጎትተው፣ በጨርቅ አሰሩኝ። የባህል ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ ውልቃት ሲመልሱ በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በእሽት አይገናኝም። በስድስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጠፋ፤ ድኛለሁ ብዬ ልምምድ ጀመርኩ፤ በአራተኛው ቀን ጉልበቴ ከሥሬ ከዳኝና ወደቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው ኤም አር አይ የተነሣሁት። ፊተኛው የጉልበት ጅማት፣ ኤሲኤል የሚባለው፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ሐኪሙ አክለው እንደ ነገሩኝ ደግሞ በጉልበቱ መካከል ያለው ትራስ መሳይ አካል የተቀደደው ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ልምምድ በጀመርኩበት ሳምንት ነው። የመጀመሪያው የዕድል ጉዳይ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ባለማወቄ የመጣ ነው።

ስለዚህ ይህንን ያዢው። ሜዳ ላይ ከጉልበትሽ ድምፅ ከሰማሽና በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ሕመሙ ቢቀንስም እንኳ የአጥንት ስፔሻሊስት ሳያይሽ አትሩጪ። ሴት ተጫዋቾች ለዚህ ጉዳት ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ የተጋለጡ ናቸው፤ አብዛኛውም የሚደርሰው እንደ እኔ ከማንም ጋር ሳይጋጩ፣ ሲዞሩ ወይም ከዝላይ ሲያርፉ ነው። ጉዳቱን ለመቀነስ የሚረዳው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም አሥራ አምስት እንቅስቃሴዎች ያሉት፣ 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በትክክል ሲሠራ ጉዳትን በግልጽ እንደሚቀንስ በብዙ ቡድኖች ላይ ተረጋግጧል። ዋናው ነገር ከዝላይ ስታርፊ ጉልበትሽ ታጥፎ፣ በእግር ጣቶችሽ አቅጣጫ እንጂ ወደ ውስጥ ተጣምሞ እንዳይሆን ማልመድ ነው። ለሰው ሠራሽ ሜዳ ደግሞ አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጊ፤ አዲስ መግዛት ካልቻልሽ ያገለገለ ይሻላል።

ክለቤ በሦስተኛው ወር ደመወዜን አቆመ። ለቀዶ ሕክምናው የቡድን ጓደኞቼ አዋጡልኝ፤ ወንድሞቼ የቀረውን ሞሉ። እናቴ ከአርባ ምንጭ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ መጣች። ለተሰበረ አጥንት ይበጃል የሚባለውን የእንሰት አሚቾ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛልኝ ነበር፤ እያለቀሰች ቀቅላ አበላችኝ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥር ወራት በሙያዬ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ናቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን የማገኛት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለ ነበር የቀረውን በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ብቻዬን እሠራ ነበር። የጂም ክብደት ስላልነበረኝ ሁለት ኪሎ ጨው በከረጢት ሞልቼ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ቀስ ብዬ አነሣለሁ፣ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ አወርዳለሁ፤ ሠላሳ ጊዜ ጠዋት፣ ሠላሳ ጊዜ ማታ። ጭኔ ከስቶ ከግራው ጋር የሚታይ ልዩነት ስለ ነበረው በየሳምንቱ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካው ነበር።

ወደ ሜዳ ለመመለስ መስፈርቱ ቀን መቁጠር ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ መመለስ ዳግም የመበጠስን ዕድል እንደሚጨምር ባለሙያዋ ነግራኛለች፤ ወሩ ቢሞላም በአንድ እግር ዘልዬ የምደርስበት ርቀት ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ ካልሆነ አትፈቅድልኝም ነበር። በዘጠነኛው ወር 82 በመቶ ላይ ነበርኩ። ተናደድኩ፤ ግን አንድ ወር ጨመርኩ። ከተመለስኩ በኋላ አምስት የውድድር ዘመን ተጫውቻለሁ፤ ያ ጉልበት ዳግም አልተበጠሰም።

ስለ ምግብ ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችን ሳናውቀው የብረት ማዕድን እጥረት ይዞን እንጫወታለን፤ የወር አበባና ከባድ ልምምድ ሲደማመሩ ደምን ያሟጥጣሉ። እኔ በሁለተኛው አጋማሽ እግሬ የሚከብደኝ የትንፋሽ ችግር መስሎኝ ሁለት ዓመት ያለ ምክንያት ተጨማሪ ሩጫ ሮጫለሁ፤ ምርመራ ሲደረግልኝ የደም ማነስ ተገኘብኝ። ምስርና ጎመን ስንበላ ሎሚ ወይም ቲማቲም መጨመር ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ይረዳል፤ ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያግደዋል። ስለዚህ ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ማዘግየት ይበጃል። የሁዳዴን ጾም የሚጾሙ ልጆች ካምፕ ውስጥ ችግሩ የሚበረታባቸው ከልምምዱ ሰዓት ጋር ሳይመካከሩ በዝምታ ሲጾሙ ነው። በአንድ ቡድኔ ውስጥ ለአሰልጣኙ በግልጽ ነግረን ልምምዱ ወደ አሥር ሰዓት ተዛውሮልን ያውቃል፤ ከልምምዱ በፊትና በኋላ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ለውዝና ቴምር እንበላ ነበር። የወር አበባ ቀናትንም ደብተር ላይ መያዝ ይጠቅማል፤ ለሦስት ወር ያህል ከቆመ ድካም ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ከሚቃጠለው ጉልበት ያነሰ እየበላሽ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ሐኪም ሊያይሽ ይገባል።

ከጉልበቴ መዳን በኋላ ነበር ውሎችን በትክክል ማንበብ የጀመርኩት። አሁን ለልጆች የምነግራቸው ይህንን ነው። ደመወዙ በቁጥርም በፊደልም ተጽፎ ካላየሽ አትፈርሚ። ቁጥሩ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? የደመወዝ ግብር እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ ልዩነቱ ከባድ ነው። የፊርማው ገንዘብ በስንት ጊዜና በየትኛው ቀን ይከፈላል? ስጎዳ የሕክምናው ወጪ የማን ነው? ደመወዜስ ይቀጥላል? የጡረታ መዋጮዬ፣ ማለትም ከእኔ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ፣ በስሜ ይገባል? እኔ ካገለገልኳቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ በጡረታ የተመዘገበልኝ የአራቱ ብቻ ነው፤ የሰባቱን ማንም መልሶ አይሰጠኝም። የእያንዳንዱን ገጽ ቅጂ በዚያው ቀን ውሰጂ፤ ቢያንስ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ደመወዝ ሲዘገይም መብት አለ። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቿ በጽሑፍ አስጠንቅቃ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠች በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ትችላለች። ዋናው ቃል «በጽሑፍ» የሚለው ነው። እኔ አምስት ወር ሙሉ በቢሮው በር ላይ እየቆምኩ በቃል ጠይቄያለሁ፤ በኋላ ማስረጃ ስጠየቅ አንድም ወረቀት አልነበረኝም። ልምምድ መቅረት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ከተደረገ ጥፋቱን ወደ ተጫዋቿ ያዞረዋል፤ ብዙ ቡድኖች ውስጥ ልጆች ተናደው ካምፕ ጥለው ሲወጡ የተጎዱት እነርሱው ናቸው።

አብራኝ ትጫወት የነበረች አንዲት አማካይ ደግሞ ማርገዟን እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ደብቃ ተጫውታለች፤ ስትናገር ውሏ ይቋረጣል ብላ ስለ ፈራች ነው። ስታስታውቅም የፈራችው ደረሰባት። ይህ ከ2013 ዓ.ም. በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ፊፋ ባወጣው ደንብ ተጫዋች ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ አላት፤ ከዚህም ቢያንስ ስምንቱ ከወሊድ በኋላ ሲሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ከደመወዟ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ይከፈላታል፤ በእርግዝና ምክንያት ውል ማቋረጥም አይቻልም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ያቺ ጓደኛዬ ወደ ሜዳ አልተመለሰችም። ካየኋቸው አማካዮች ሁሉ ኳስን በአንድ ንክኪ ከተከላካይ ጀርባ የምትጥልልኝ እርሷ ብቻ ነበረች።

ወደ ውጭ አገር መሄድን በተመለከተ መንገዱ መኖሩን ሎዛ አበራ አሳይታናለች። ከዱራሜ ተነሥታ በአገር ውስጥ ደጋግማ ኮከብ ግብ አግቢ ከሆነች በኋላ በስዊድን ለኩንግስባካ፣ በማልታ ለቢርኪርካራ፣ ቆይታም በአሜሪካ ለዲሲ ፓወር ተጫውታለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2024 ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ መሳተፉ ለልጆቻችን የመታየት ዕድል ከፍቷል። እኔ ግን ኮሮና ሊጉን ካሰረዘው ዓመት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ስለ ነበር አንድ ራሱን ወኪል ብሎ የጠራ ሰው ሲደውልልኝ አመንኩት። ለቪዛና ለሙከራ 60,000 ብር ጠየቀኝ፤ ግማሹን ሰጠሁት። የክለብ አርማ ያለበት የግብዣ ደብዳቤ ላከልኝ። የወንድሜ ልጅ የክለቡን አድራሻ ፈልጎ ሲጽፍላቸው ደብዳቤውን እንደማያውቁት መለሱ። ገንዘቡ አልተመለሰም።

እውነተኛ ወኪል የፊፋ ፈቃድ ያለው ነው፤ ፈቃዱንም ማንም ሰው ማጣራት ይችላል። የሚፈልግሽ ክለብ ጉዞሽን ራሱ ይሸፍናል ወይም ከክለብሽ ጋር በይፋ ይጻጻፋል፤ ዝውውሩም በሁለቱ ፌዴሬሽኖች በኩል የዝውውር ምስክር ወረቀት ወጥቶለት ነው የሚፈጸመው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላሽ ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። ውልሽ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር ለመነጋገር ነጻ ነሽ። ግቦችሽ ብቻ የተሰበሰቡበትን ቪዲዮ ሳይሆን ሙሉ ጨዋታ የሚያሳይ ቅጂ አዘጋጂ፤ የውጭ አሰልጣኝ ኳስ ሳትይዢ ምን እንደምትሠሪ ማየት ይፈልጋልና።

በ2016 ዓ.ም. በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ጫማዬን ሰቀልኩ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የዲ ላይሰንስ የአሠልጣኝነት ሥልጠና ወስጄ አሁን ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ። ልምምዱን የምንጀምረው በዚያው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ነው፤ ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸውን እኔው ራሴ ተንበርክኬ አያለሁ።

ባለፈው ክረምት ከማውቃቸው ልጆች አንዷ፣ ግራ እግሯ ከእኔ የሚበልጥ አጥቂ፣ አሥራ ስምንት ዓመቷን ጨርሳ ከአንድ ክለብ ውል ይዛ ከአባቷ ጋር መጣች። ሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ሦስታችን ገጽ በገጽ አነበብነው። በሦስተኛው ገጽ የደመወዙ ቦታ ባዶ ነበር። አባቷ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈበትን የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው። በማግስቱ ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቁጥሩ ተሞልቶ፣ የሕክምናው ወጪ የክለቡ መሆኑ በአንድ መስመር ተጨምሮበት መጣ። ልጅቷ ፈረመች፤ ቅጂውን በፕላስቲክ ሸፍነው እቤት አስቀምጠውታል። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ኅዳር ላይ ነው፤ ታኬታዋ ደግሞ አጭር ጥርስ ያለው ነው፤ አብረን ሄደን ነው የገዛነው።